ወደ ጋሸና የተመለሰ ሙሾ

ባንችይርጋ ሙሾ ስታወርድ ያልሰማ ሰው ግራር አምባ ውስጥ አልነበረም፤ ስትዋሽ የሰማ ግን አንድም አልተገኘም። ግራር አምባ ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን በሚያወጣው ዳገት ጎን የተለጠፈች መንደር ናት። እዚያ ሰው ሲሞት ጥሩንባ የሚነፋው ይነፋል፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው ይቆፍራል፣ ባንችይርጋ ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለመጠየቅ ትነሳለች። ከሟች ሚስት ዘንድ ትሄዳለች፣ ከጎረቤት ዘንድ ትሄዳለች፣ ሟችን ከማይወደው ሰው ዘንድ ደግሞ ሳትሄድ አትቀርም፤ እሱ ለማሳመር ብሎ አይዋሽም ትላለች። እጁ ምን ይሠራ ነበር? መጨረሻ ምን አለ? ማን አየ? ያላየ ሰው የነገራትን አታወርድም። ከሟቹ ሕይወት የእሱ ብቻ የሆነች አንዲት ነገር እስክታገኝ ድረስ ለቀስተኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

ይህ ጠባይዋ ያስቀየማቸው ሰዎች ነበሩ። አንድ ቋጣሪ ሽማግሌ ሲሞት ልጆቹ “ደጉ፣ አብላዩ በይልን” ብለው ለመኗት። “ማን በላ?” አለቻቸው። ስትጠይቅ ውላ ያገኘችው ሰውየው በኖረበት ዘመን ሁሉ የሰው ድንበር አንዲት ስንዝር ገፍቶ እንደማያውቅ ነበር፤ ይህንን የነገራት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሲከሰው የኖረው ባለ አዋሳኙ ነው። ያንኑ አወረደች። ልጆቹ መጀመሪያ አኮረፉ፤ ኋላ ግን ድንበር የማይገፋው ሰውየ ልጆች ተብለው ቀሩና ሲያርሱ ከድንበሩ አንድ እርምጃ መለስ ማለት ጀመሩ። እንግዲህ ሰው በሙሾ ይሠራል ቢሏችሁ እኔ አልከራከርም፤ እነዚያን ልጆች አውቃቸዋለሁና። ባንችይርጋ ራሷ ነገሩን እንዲህ ነበር የምታየው፦ ሐዘንተኛ የሚያለቅስበት እውነተኛ ነገር ካልተሰጠው ዕንባው መውጫ ያጣል።

ይህች ሴት በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተች። ታሪኳን የምነግራችሁም ስለዚያ ስሕተት ነው።

በ1979 ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ ደባሱ የሚባል አንድ እግሩን ያጣ ወታደር በክራንች ተደግፎ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ መጣ። ትከሻው ላይ ጋቢ ነበረ። ጋቢውን እያወረደ ሴቶቹን “ይህን የፈተለች እናት ታውቃላችሁ?” እያለ ይጠይቃል። ጠርዙ ላይ ሦስት ቀጫጭን የቀይ ክር መስመር ነበረው። እንደዚያ ያለ ጠርዝ የምታስገባ ሴት በአካባቢው አንዲት ብቻ ነበረች፤ የግራር አምባዋ ገለቴ። ገለቴ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ያላት ሴት ናት። ልጇ ደርበው ከሁለት ዓመት በፊት በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘምቷል። ጋቢውን ስንቅ ብላ የሰጠችው እሷ ናት።

ሽማግሌዎቹ ደባሱን ይዘውት መጡ። ባንችይርጋም እንደ ልማዷ ፊቱ ቁጭ ብላ ጠየቀችው።

“አንተ በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።”

“በዓይኔ ያየሁትን ነው። እግሬን ተመትቼ ወድቄያለሁ። እሱ ከጋራው ጫፍ ድንጋይ ተደግፎ ይተኩሳል። እየተሳበ መጥቶ ጋቢውን አውልቆ ጠቀለለኝ። ሰባት ቁስለኛ ነበርነ። ለሚሸከሙን ልጆች ‘ሂዱ፣ እደርሳለሁ’ አላቸው። እኛ እስክናልፍ ከድንጋዩ አልተነሳም።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ድንጋዩ ዝም አለ፣ እመይቴ። ስሙን አላውቀውም፤ ለጦሩ አዲስ ነበርሁ። ማታውን ከየት ነህ ብለው ‘ጋቢው የላሊበላ ነው’ ብሎ ሳቀብኝ።”

ባንችይርጋ ሁሉንም ጠየቀች፤ አንዱን ብቻ ሳትጠይቅ ቀረች። ሰው ከየት ነህ ሲሉት ስለ ጋቢው የሚመልሰው ለምን ይሆን ብላ አላሰበችም። ጋቢው ፊቷ ተዘርግቶ እያለ ቁመቱስ፣ መልኩስ ማለት ለምን ያስፈልጋታል? የደርበውን ቁመት እሷም ታውቀዋለች፤ ከመንደሩ ወንዶች ሁሉ ረጅሙ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ለገለቴ መርዶውን ነገሯት። ሬሳ የለም፤ ስለዚህ አልጋ ወደ ደጅ ወጣ፤ ጋቢውም በአልጋው ላይ ተዘረጋ። ባንችይርጋም አወረደች፦

ጋቢውን አውልቆ ሌላውን አልብሶ፣
እሱ ውርጭ ታቀፈ ድንጋዩን ተንተርሶ።

“ሂዱ፣ እደርሳለሁ” ብሎ የሸኛቸው፣
ሁሉም ገቡ ከቤት፣ እሱ ቀረባቸው።

የናቱ ቤት ጉበን ጎንበስ የሚያሰኘው፣
ያን ሎጋ ምን ጉድጓድ በልኩ አገኘው?

ሦስተኛዋን ስትል ገለቴ ራሷን ስታ ወደቀች። ደርበው ወደ ቤት ሲገባ በጉበኑ ግንባሩን እንዳይመታ ጎንበስ ማለቱን የማያውቅ አልነበረምና ለቀስተኛው ሁሉ ያንን በር እያየ ደረቱን ደቃ። እንዲህ ያለ ለቅሶ በግራር አምባ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ሙሾው ወጥቶ ሄደ። ውሃ የሚቀዱ ልጃገረዶች ያንጎራጉሩት ጀመር። ገለቴ ማኅበር ስትገባ ሰው ይነሳላታል፤ “ሰባት ሰው ያዳነው ልጅ እናት” ትባላለች። የሴትዮዋ አረማመድ ሳይቀር ተለወጠ። ሐዘኗ አልጠፋም፣ ግን ቀጥ ብሎ የሚያቆማት ነገር አገኘች። ጋቢውን አጥፋ ከራስጌዋ ሰቀለችው።

ሁለት ዓመት አለፈ። በ1981 ግንቦት ላይ ገለቴ ባንችይርጋን “አሞኛልና ብቅ በሉ” ብላ አስጠራቻት። ባንችይርጋ ስትገባ ገለቴ በሩን ከኋላዋ ቀረቀረችው፤ ፊቷ የታመመ ሰው ፊት አልነበረም። ከጎታው ጀርባ አንድ ረጅም ሰው ተነሳ። ከስቷል፣ ጠጉሩ ረዝሟል፤ ግን ደርበው ነው።

ባንችይርጋ አማተበች፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

“አትፍሩ እትየ፣ እኔ ነኝ” አለ ደርበው። ከጦሩ ጠፍቶ፣ ከወራት በኋላ በሰቆጣ በኩል በእግሩ መግባቱን ነገራት። ስምንት ቀን ሆኖታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሰማ እንደገና አስይዞ ይልከዋል፤ ከጠፋ ወታደር ጋር ደግሞ የሚደረገውን ሁሉም ያውቃል። “ከጎታው ጀርባ ሁኜ ልጃገረዶቹ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ” አለ። “እትየ ባንች፣ ያ ሙሾ የኔ አይደለም።”

“የማን ነው ታዲያ?”

“የአባስ ነው። የጋሸናው ልጅ። ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ጋቢየን እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሲነጋ ተኩስ ተከፈተ። እኔ . . .” ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። “እኔ ሮጥሁ። ሂድ እንኳ ሳይለኝ ነው የሮጥሁ። ዞሬም አላየሁ። እሱ ቁስለኛ ለማሳለፍ ብሎ እንደቀረ ያወቅሁት አሁን፣ ከናንተ ሙሾ ነው።”

ባንችይርጋ በሕይወቷ የዋሸችው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ሳታውቅ፤ ይህ ግን አላጽናናትም። ጋሸና ውስጥ አንዲት እናት ሁለት ዓመት ሙሉ መርዶዋ ለሌላ ሰው ተነግሮባታል፣ ሙሾዋ በሌላ ቤት ተለቅሶበታል። ልጇ የሠራውን ሥራ አገር ሁሉ ሲያወራው እሷ አልሰማችም።

“መመለስ አለበት” አለች።

ገለቴ እንደ ነብር ተነሳች። “ምኑ ነው የሚመለሰው? እትየ፣ ሞቷል የሚለው ሙሾ እኮ ነው የደበቀው! የሞተ ሰው ማን ይፈልጋል? የጋሸናው ሰው ከሰማ ኬላው ይሰማል፣ ኬላው ከሰማ ልጄን ይበሉብኛል። አንድ ጊዜ አልቅሸዋለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም።” ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እያፈረች፣ “ደሞ እኔስ ማን ልባል ነው?” አለች።

ባንችይርጋ በዚህ አልፈረደችባትም። ሴትዮዋ በዚያ ሙሾ ሁለት ዓመት ኖራለች። ልጇን መልሳ አግኝታ ልጇ የነበረውን ጀግና ልታጣ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አልተቻለም።

“እናቴ፣” አለ ደርበው፣ “እኔ የሰው ሞት ለብሼ አልኖርም። እትየ ካልሄዱ እኔው እሄዳለሁ።”

እውነቱን ነበር፤ ዓይኑ ያስታውቃል። ገለቴ ከራስጌዋ ጋቢውን አወረደችና ባንችይርጋ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

ያኔ ከወረዳ ወረዳ ለመሄድ ከቀበሌ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አንስቶ “ለምን ጉዳይ?” አላት።

“ለቅሶ ልደርስ።”

“የማን?”

“የአንድ ወታደር። ጋሸና።”

“ዘመድሽ ነው?”

“አልቅሼለታለሁ” አለች። ሊቀመንበሩ ሙሾ አውራጅ ናት፣ ለማን አላለቀሰች ብሎ ማኅተሙን መታላት።

ጨው ሊያመጡ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር ሁለት ቀን ተጓዘች። ጋሸና የጭነት መኪና መቆሚያ ናት፤ የአባስን አባት ሸዕባንን ለማግኘት አልቸገራትም። ከመኪናዎቹ ማደሪያ ጀርባ በቆዳና በጨው ንግድ የሚተዳደር፣ ጢሙ የሸበተ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ሚስቱ ሂንድ ለሾፌሮች ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። ባንችይርጋ ሻይ ቤቱን አልፋ ስትሄድ ሂንድ ከሰሜን የመጣውን ሾፌር “አባስ ሸዕባን የሚባል ልጅ፣ ሳቂታ ልጅ፣ ሰምተህ ይሆን?” ስትለው ሰማች። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ጥያቄውን የለመደው ይመስላል።

መርዶ ለብቻዋ ለቆመች እናት አይነገርም። ስለዚህ ባንችይርጋ መጀመሪያ ወደ ሸዕባን ሱቅ ሄደች። ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች ተናግራ አንዱንም ሳትቀንስ ነገረችው። የደባሱን፣ የጋቢውን፣ የስሕተቱን፣ የደርበውንም መኖር። የሰው ነፍስ እጁ ላይ እያስቀመጠች እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ግን ግማሽ እውነት ይዛ ልትመጣ አልቻለችም።

ሸዕባን “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አለ። ከዚያ “ያ ልጅ፣ የናንተው፣ ልጄን ጥሎት ሮጠ?” አላት።

“አዎ። ሮጠ።”

“ሂድ ብሎት ነው?”

“አላለውም። ሳይለው ነው የሮጠ።”

ሰውየው ፊቱን ወደ ቆዳው ክምር አዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። “ስላልዋሻችሁኝ አላህ ይስጣችሁ። መኖሩን ከዚህ ሱቅ የሚያወጣ የለም፣ ወላሂ። ግን ዛሬ ፊቴ እንዳይመጣብኝ። ሌላ ቀን አላህ ያውቃል።” ቆይቶም፣ “በኛ ዘንድ ግን፣ እመይቴ፣ ሙሾ አይወርድም። ዱዓ ነው የምናደርገው” አለ።

“ላወርድ አልመጣሁም” አለችው። “የናንተን ዕቃ ልመልስ ነው የመጣሁ።”

ጎረቤት ተጠራ፤ ሸዕባን ራሱ ለሚስቱ ነገራት። ሂንድ አልጮኸችም። ከመደቡ ላይ ቁጭ አለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ እንደዚያው ቀረች። ሴቶቹ “አብሽሪ ሂንድ፣ አብሽሪ” ይሏታል፤ አትሰማም። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ሁለት ዓመት ስትጠይቅ የኖረች ሴት መልስ ስታገኝ ምን እንደምታደርገው ጠፋት። ባንችይርጋ እንዲህ ያለ ፊት ታውቃለች፤ ከሚጮኸው ይልቅ ለዚህኛው ትፈራለች።

ቀረብ ብላ ጋቢውን ጭኗ ላይ አኖረችላት። “ይህን ለብሶ ነበር” አለቻት። ዜማ ሳታስገባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ወሬ ስንኞቹን አንድ በአንድ ነገረቻት። ጋቢውን አውልቆ ሌላውን እንዳለበሰ። “ሂዱ፣ እደርሳለሁ” እንዳለ። ሂንድ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ “እደርሳለሁ” አለች ለራሷ፤ “ገበያ ስልከውም እንዲሁ ነበር የሚለኝ።” ባንችይርጋ አፏ እንደለመደው ቀጠለች፤ የእናቱ ቤት ጉበን ጎንበስ የሚያሰኘው . . .

ሂንድ ቀና አለች። ጋቢውን ዘረጋችው፣ ከትከሻዋ እስከ መሬት ለካችው፣ ጫፉ መሬት ላይ ተረፈ።

“ይህማ ልጄን ይጎትተው ነበር” አለች። “ልጄ አጭር ነው። ጎንበስ ብሎ አያውቅም። ከላይ ያለው መቀርቀሪያ ጋ እንኳ አይደርስም፤ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው የሚከፍተው።”

“እኔ ነኝ ያን ድንጋይ ያስቀመጥሁለት” አለ ሸዕባን ከበሩ አጠገብ። “ሲያድግ አነሳዋለሁ ብየ ነበር።” ሁሉም ወደ በሩ ዞረው አዩ። ድንጋዩ እዚያው ነበር፤ መሃሉ በእግር ብዛት ለስልሷል።

ባንችይርጋ አፈረች። ሙሾው ሁሉ የአባስ ሆኖ አንዷ ስንኝ ብቻ፣ እሷ ሳትጠይቅ ያስገባቻት፣ የሌላ ሰው ነበረች። “ይቅርታ አድርጉልኝ” አለች። “አላየሁትም፣ አልጠየቅሁም። አሁን ግን ነገራችሁኝ።” ድንጋዩን እያየች እንዲሁ ያለ ዜማ እንዲህ አለች፦

በሩ እየረዘመው ድንጋዩን ቆሞበት፣
ስንቱን ሎጋ ጋርዶ አስገባው ከየቤት።

ሂንድ “እሱ ነው” አለች። “እሱ ነው ልጄ።” ፊቷን በጋቢው ሸፈነችና ዕንባዋ መጣ። ደረት አልተመታም፣ ፊት አልተነጨም፤ ዝም ብላ አለቀሰች፣ ረጅም ሰዓት። ሴቶቹም አብረው አለቀሱ። ሸዕባን ስንኟን ድገሚልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ አስነገራት። ሦስተኛ ጊዜ ራሱ በአፉ አላት።

ባንችይርጋ ሦስት ቀን እዚያው ቆየች፤ ሰደቃው ሲወጣ ተገኘች። ስትመለስ ግራር አምባ የደረሰችው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። በቀጥታ ገለቴ ቤት ገባች። ገለቴ ብቻዋን እሳት አጠገብ ነበረች፤ ቀና ብላ አላየቻትም።

“ተቀበሉት?”

“ተቀበሉት።”

“ነገሩስ ይወጣ ይሆን?”

“አይወጣም። ሰውየው በአምላኩ ስም ምሎልኛል።”

ገለቴ እንጨቱን እሳቱ ውስጥ ገፋ ገፋ አደረገች። “ሁሉንም ወሰዱት በሉኛ” አለች። ድምፅዋ ባዶ ነበር። ልጇ ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀንም አላለቀሰችም፤ ደስ ብሏትም፣ አዝናም።

“ሁሉንም አልወሰዱም” አለች ባንችይርጋ። “አንዷን ተዉልን። ልጃቸው አጭር ነበር፤ የጉበኗ ስንኝ አትሆነውም። እሷ የአንቺው ናት።”

ገለቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። ደርበው ፍልጥ ተሸክሞ መጣ። ከጉበኑ ሥር ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ገለቴ እያየችው አለቀሰች።